ቅድመ አያትን በቤት ቁጥር ፍለጋ

በ1785 (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ማክፈርሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ካፒቴን ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ያልተለመደ መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ቀደም ባለው ዘመኑ በጦርነት ጊዜ የጠላት መርከብ እየማረከ ሀብት ያካበተና ከከተማዋ ወጣ ብሎ የተንጣለለ ቤት የሠራ ነበር። መጽሐፉ ስብከትም ተረትም የለውም። በየመንገዱ ያለው ቤት ቁጥር፣ የሚኖርበት ሰው ስም፣ ሰውየው የሚተዳደርበት ሥራ፤ አለቀ። ነዋሪው ግን ሁሉም ደስ ብሎት አልተመዘገበም። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የነጻነት ጦርነት በይፋ ካበቃ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ በር አንኳኩቶ ስም የሚጠይቅ ሰው በግብር ሰብሳቢነት ቢጠረጠር አይፈረድም። ስሜን አልናገርም ያለ ነበር። ቤቴ ላይ ቁጥር አይለጠፍም ያለም ነበር፤ የፈለጋችሁትን ጻፉ ያለም አልጠፋ። ማክፈርሰን ታዲያ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ እምቢታቸውን ራሱን በስም ቦታ አስገብቶ ከነአድራሻው አተመው። አንዲት ሴት በመጽሐፉ ውስጥ የሰፈረችው በቁጡነቷ ብቻ ነው። የልጅ ልጆቿ ዛሬ ቢፈልጓት የሚያገኙት የጎዳናውን ስም፣ የቤቱን ቁጥርና የአያታቸውን ጠባይ ነው።

በዚያው ዓመት ፍራንሲስ ኋይት የሚባል ሌላ ሰው እዚያው ፊላደልፊያ የራሱን ማውጫ አወጣ። ኒውዮርክ በ1786 ተከተለች፣ ቦስተን በ1789። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ለንደን የነጋዴዎቿን ስምና አድራሻ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1677 በትንሽ መጽሐፍ አሳትማ ነበር። የሁሉም ዓላማ አንድ ነው፦ ንግድ። ዕቃ የሚልክ፣ ብድር የሚያስመልስ፣ ልብስ ሰፊ የሚፈልግ ሰው ማን የት እንደሚገኝ ይወቅ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አንዲት ጡረተኛ አጉሊ መነጽር ይዛ በዚያ ገጽ ላይ የቅድመ አያቷን ስም ትፈልጋለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የመንግሥቱም መዝገብ እንዲሁ ለሌላ ጉዳይ የተወለደ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠር ያለው የየክፍለ ሀገሩን የምክር ቤት መቀመጫ ለመደልደል ሲሆን፣ በባርነት የተያዘውን ሰው ደግሞ ከአምስት ሦስት እጅ አድርጎ ይደምረው ነበር። የመጀመሪያው ቆጠራ በነሐሴ 1790 ተጀመረ። ቆጣሪዎቹ የፌዴራል ፍርድ ቤት ማርሻሎችና ረዳቶቻቸው ናቸው፤ በአብዛኛው ወረቀቱንም መስመሩንም ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ጥያቄው ስድስት ብቻ ነው፦ የአባወራው ስም፤ 16 ዓመት የሞላቸው ነጭ ወንዶች ብዛት፤ ከዚያ በታች ያሉት፤ ነጭ ሴቶች፤ ሌሎች ነጻ ሰዎች፤ ባሮች። ቆጠራው ሲያልቅ ቅጂው በአካባቢው ሁለት አደባባዮች ላይ ይለጠፍ ነበር፤ የተዘለለ ካለ ይናገር ተብሎ ነው። ድምሩ 3.9 ሚሊዮን ሆነ። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ያንሳል ብሎ ቅር ተሰኝቷል።

ልብ በሉ፤ በዚያ መዝገብ ስም ያለው አንድ ሰው ነው። ሚስት ቁጥር ናት። ልጅም ቁጥር ነው። አባወራው ሲሞት ቤቱ ከመዝገብ እንደጠፋ ይቆጠራል፤ መበለቲቱ የራሷን ቤት ይዛ ከቆየች ግን በድንገት ስም ታገኛለች። ይህ እስከ 1840 ድረስ ለስድስት ቆጠራዎች ቀጠለ።

በእኛ አገር ግን፣ በተለይ ርስት በቆየባቸው እንደ ጎጃምና ጎንደር ባሉ አውራጃዎች፣ የዘር ሐረግ ማወቅ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ርስት ይገባኛል የሚል ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ትውልድ እየቆጠረ በዳኛና በሽማግሌ ፊት ማስረዳት ነበረበት። ሐረጉን የማያውቅ መሬቱን ያጣል። ስለዚህ ዘር በቃል ተያዘ፣ ተጠና፣ ተከራከሩበት፤ አንዳንዴም ለጥቅም ሲባል ተጣመመ። አሜሪካዊው ግን መሬቱን በውል ገዝቶ በውል ይሸጣል፣ ኑሮ ካልተመቸው ወደ ምዕራብ ይሰደዳል። የቅድመ አያቱን ስም ባያውቅ የሚቀርበት ነገር የለም። የረሳውን በወረቀት የመፈለግ ሱስ ያደረበት፣ ይመስለኛል፣ ከዚሁ የተነሳ ነው።

አባወራውን ብቻ በስም ይመዘግብ የነበረውን ቆጠራ የለወጠው ሌሙኤል ሻታክ ይባላል። የቦስተን መጽሐፍ ሻጭና አሳታሚ ነበር፤ በ1835 የኮንኮርድን ከተማ ታሪክ ሲጽፍ የነባር ቤተሰቦችን ልደትና ሞት ከቤተ ክርስቲያንና ከከተማ መዝገብ እየለቀመ መከራውን አይቷል። በ1845 ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነውን የዘር ሐረግ ማኅበር ቦስተን ውስጥ ከመሠረቱት አምስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሁለተኛ፣ የቦስተንን ሕዝብ ሲቆጥር አባወራውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ሰው በስሙ አስመዘገበ። የ1850ው ብሔራዊ ቆጠራ ሲታቀድ ዋሽንግተን ጠርታ አማከረችው፤ የሻታክ አሠራርም የአገሩ አሠራር ሆነ። የአገሩን ሕዝብ በስም ካስቆጠሩት ሰዎች ዋነኛው፣ እንግዲህ፣ ራሱ ዘር ፈላጊ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ ነጻ ሰው ሁሉ፣ ጡት የሚጠባው ሕፃን ሳይቀር፣ በስሙ፣ በዕድሜው፣ በተወለደበት ቦታ ይገኛል።

ነጻ ሰው ሁሉ ነው ያልኩት። ለባሮች የተለየ ቅጽ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የባሪያውም ስም፣ የተወለደበትም ቦታ፣ ሴቲቱ የወለደቻቸውም ልጆች ብዛት እንዲጠየቅ ታስቦ ነበር፤ የደቡብ ሴናተሮች ተቃወሙና ተሰረዘ። የቀረውን ቅጽ ዛሬ ማንም በኮምፒዩተር ከፍቶ ሊያየው ይችላል። በግራ በኩል የአሳዳሪው ስም ተጽፏል። ከስሩ ቁጥር፦ አንድ። ዕድሜ 40፣ ሴት፣ ጥቁር። ሌላ አንድ። ዕድሜ 17፣ ወንድ፣ ክልስ። ሌላ አንድ። ዕድሜ 2። ከጎን ኮበለለ የሚል ዓምድ አለ፣ ነጻ የወጣ የሚል ዓምድ አለ፤ ደንቆሮና ዕውር የሚመዘገብበትም አለ። ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። የ40 ዓመቷ ሴት የሁለት ዓመቱ ልጅ አያት ትሁን ባዳ የሚናገር አንድም ምልክት አታገኙም። በ1860 ቆጠራ በዚህ መልክ የተመዘገቡት ሰዎች 3.95 ሚሊዮን ነበሩ።

ባርነት በ1865 መጨረሻ በሕገ መንግሥት ተሻረ። በሰኔ 1870 ቆጣሪዎች እንደገና ወጡ፤ ነጻ የወጣው ሕዝብም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላው እኩል በስሙ ተጠየቀ። የጥቁር አሜሪካውያን ዘር ፈላጊዎች ይህን ዓመት ግንብ ይሉታል። ወደ ኋላ እየቆጠሩ እዚህ ይደርሳሉ፤ ከዚህ በላይ መንገዱ ይዘጋል። ቢሆንም የግንቡን ድንጋይ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቆጣሪው ነጭ ነው፣ የሚጽፈውም እንደ ሰማው ነው። ዕድሜ በግምት ይነገራል፤ ለዚህ ነው 30፣ 40፣ 50 የሚሉ ክብ ቁጥሮች የሚበዙት። የቤተሰብ ስም አንዱ ከቀድሞ ጌታው ወስዷል፣ ሌላው ከጌታው አባት፣ ሌላው ራሱ መርጧል። አንድ ቤት ውስጥ ሰባት ሰው ቢጻፍ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አይነገርም፤ ዝምድና የተጠየቀው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1880 ነው። ብዙ ሰውም ተዘሏል፣ በተለይ በደቡብ። ኒውዮርክና ፊላደልፊያ ሕዝባችን ጎደለ ብለው ስላጉረመረሙ እንደገና ተቆጠሩ፤ በዚህ ምክንያት አንድ ቤተሰብ በወራት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይገኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ስምና ዕድሜ ሲለዋወጥ አይቶ ስለ ቆጠራ ያለው እምነት ልክ ልኩን ይይዛል።

የከተማ ማውጫዎች ወርቃማ ዘመን የጀመረውም እዚሁ ላይ ነው። በ1870 ራልፍ ሌን ፖልክ የሚባል ሰው ዲትሮይት ላይ ድርጅት አቋቋመ፤ ድርጅቱ ሲያድግ ከአሜሪካ ከተሞች የብዙዎቹን ማውጫ የሚያትመው እሱ ሆነ። ዋሽንግተን የቦይድ ማውጫ ነበራት። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። በየዓመቱ ሠራተኞች ደጅ ለደጅ ይዞራሉ፤ ስም፣ ሥራና አድራሻ ይዘው ይመለሳሉ፤ መጽሐፉ ይታተማል፤ ወጪውን ማስታወቂያና ገዢው ነጋዴ ይሸፍናሉ። ገጹ የተጨናነቀ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ወረቀቱም ርካሽ። ቦታ ለመቆጠብ ሁሉም ነገር ያጥራል፦ ለመኖሪያ ቤት አንድ ፊደል፣ ለደባል ሦስት ፊደል፣ ለቀን ሠራተኛ ሦስት ፊደል። የአጽሕሮቱ መፍቻ ከመጽሐፉ መጀመሪያ ገጾች ላይ ይገኛል፤ እሱን ሳያነቡ ዘሎ መግባት ጊዜ ማቃጠል ነው።

ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር የሚወስነው ገበያው ነበር። ባለትዳር ሴት አትገባም፤ የምትገባው ሥራ ካላት ወይም ባሏ ከሞተ ነው። ልጅ ሥራ እስኪይዝ የለም። በደቡብ ከተሞች ጥቁሩ ነዋሪ ከስሙ ጎን ኮከብ ወይም አንዲት ፊደል ይደረግበታል፤ አንዳንዱ ማውጫ ጭራሽ ከኋላ ለብቻው ያሰፍረዋል። ያቺ ምልክት ለመለየትና ለማራቅ የተደረገች ናት። ዛሬ ያን ሰው ከመቶ ስመ ሞክሼ ነጮች መካከል ለይታ የምታወጣውም እሷው መሆኗ፣ ማውጫ ያዘጋጁት ሰዎች ያልጠበቁት ነው።

ሁለቱ መዝገቦች አብረው ሲነበቡ የሚሆነውን በምሳሌ ላሳይ። አንድ ሰው በ1880 ቆጠራ የ35 ዓመት አስተናጋጅ ሆኖ፣ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ተመዝግቧል እንበል። ቆጠራው የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ ቀጣዩ ከ10 ዓመት በኋላ ይመጣል። ማውጫውን ግን በየዓመቱ ታገላብጣላችሁ። በ1882 እዚያው ቤት ነው፣ አስተናጋጅ። በ1884 ሥራው የሆቴል ዕቃ ተሸካሚ ሆኗል፣ ቤቱም ወደ ርካሽ ሰፈር ዞሯል። በ1886 አለ። በ1887 እሱ የለም፤ በዚያው ቤት ቁጥር አንዲት ልብስ አጣቢ ገብታለች፣ ከስሟ ቀጥሎም የእሱ መበለት ተብሎ ተጽፏል። የሞት ምስክር ወረቀት ሳታዩ የሞተበትን ጊዜ በአንድ ዓመት ልዩነት አገኛችሁት። በ1891 ደግሞ እዚያው አድራሻ ወጣት መልእክተኛ ብቅ ይላል፤ ልጁ ለሥራ ደርሷል ማለት ነው። ከአምስት መስመር የማይበልጥ ጽሑፍ ነው፤ የቤተሰቡ ውድቀትና መነሳት ግን እዚያ ውስጥ አለ። እኔ በበኩሌ የከተማ ማውጫን ከቆጠራ አስበልጣለሁ፤ ብዙ ዘር ፈላጊ ግን ቆጠራውን ነው የሚያመልከው።

የ1890ው ቆጠራ በብዙ መልኩ ከሁሉ የላቀ መሆን ነበረበት። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ወረቀት ተዘጋጀ። ኸርማን ሆለሪዝ የተባለ የጀርመን ስደተኞች ልጅ ካርድ እየበሳ የሚቆጥር በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና አቀረበ፤ ያ መኪና የዛሬው አይቢኤም አያት ነው። ወደ 63 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ፤ ከእነሱም ውስጥ ከአውሮፓ በገፍ የገባው አዲስ ስደተኛ ይገኝበታል። ከዚያ ወረቀቱ ዋሽንግተን፣ የንግድ ሚኒስቴር ሕንፃ ምድር ቤት ገባ። ሌሎቹ ቆጠራዎች ገሚሱ እሳት የማይበግረው ክፍል ውስጥ፣ ገሚሱ ላይኛው ፎቅ ላይ ነበሩ። የ1890ው ከክፍሉ ውጭ፣ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ተከምሯል። ጥር 10 ቀን 1921 ከሰዓት በኋላ ከምድር ቤቱ ጭስ ታየ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለሰዓታት ውኃ ለቀቁበት። ሩቡ ያህል ተቃጠለ፤ ከቀረውም ግማሹ በውኃና በጭስ ተበላሸ። መንስኤው እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ ብዙዎች ሲጋራ ይጠረጥራሉ።

እሳቱ ግን ቆጠራውን አልጨረሰውም፤ የጨረሰው ቢሮክራሲ ነው። የረጠበው ወረቀት ከመጋዘን መጋዘን እየተገላበጠ ዓመታት ቆየ። በታህሳስ 1932 የቆጠራው ቢሮ ከጥቅም ውጭ የሆኑ የሚላቸውን ወረቀቶች ዝርዝር ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ላከ፤ የ1890ው ቆጠራ በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ኃላፊው ለታሪክ ይጠቅማል ብሎ ያስቀረው አልነበረም። ኮንግረስ እንዲወገድ የካቲት 21 ቀን 1933 ፈቀደ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ የካቲት 20፣ ፕሬዚዳንት ሁቨር የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን ሕንፃ የማዕዘን ድንጋይ አኑሮ ነበር። ከ63 ሚሊዮኑ ስም ዛሬ የቀረው ከስድስት ሺህ ጥቂት ፈቀቅ ያለ ነው። ስለዚህ ከ1880 እስከ 1900 ባለው 20 ዓመት ውስጥ መጥቶ፣ ሠርቶ፣ አግብቶ የሞተ የከተማ ሰው በብዙ ቦታ ዱካው የሚገኘው በማውጫው ነው። ልብስ ሰፊ ለሚፈልግ ሰው ተብሎ የታተመው ርካሽ መጽሐፍ የመንግሥትን ቸልተኝነት ካሰ።

በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ወጣ። 65 ዓመት የሞላው ጡረታ ያገኛል ተባለ፤ ግን 65 ዓመቱ መሙላቱን በምን ያስረዳ? በ1870ዎቹ የተወለደ ገበሬ የልደት ወረቀት ከየት ያመጣል? መልሱ ቆጠራው ሆነ። የኢኮኖሚው ድቀት ሥራ ያሳጣቸው ሰዎች በመንግሥት ደመወዝ ተቀጥረው የ1880፣ የ1900 እና የ1920 ቆጠራዎችን ስም በካርድ ላይ መገልበጥ ጀመሩ። ከ1880ው የተገለበጠው ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ያሉበት ቤት ብቻ ነው፤ ጡረታ የሚጠይቁት እነዚያ ልጆች ናቸውና። ካርዶቹ የተደረደሩት ሳውንዴክስ በሚባል ዘዴ ነው፤ ሮበርት ራስል የተባለ ሰው በ1918 የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣበት። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይያዛል፣ አናባቢው ይጣላል፣ ድምፃቸው የሚቀራረብ ተነባቢዎች አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ስሙን ቆጣሪው እንዴት አጣሞ ቢጽፈው ከዘመዶቹ አጠገብ ይወድቃል። የሳውንዴክስ ችግር የመጀመሪያዋ ፊደል ናት፤ እሷ ከተሳሳተች ሁሉም ይበላሻል። ፀጋዬን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ በቲ፣ ሌላው በኤስ እንደሚጀምሩት ያየ ይህ ይገባዋል።

መዝገቡ መልካም ብቻ አልሠራም። ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ በ1942 የቆጠራው ቢሮ በምዕራብ ጠረፍ ጃፓናውያን አሜሪካውያን በየትኛው ሰፈር ስንት እንደሚኖሩ ለጦሩ አቀረበ፤ በእነሱ ላይ የተፈጸመው ማፈናቀልም በዚህ ተቀላጠፈ። በ1952 ግለሰቡ የተመዘገበበት ወረቀት ለ72 ዓመት እንዲዘጋ የቆጠራው ቢሮና ቤተ መዛግብቱ ተስማሙ፤ በ1978 ስምምነቱ ሕግ ሆነ።

ዘር ፍለጋን ከጥቂት አዛውንቶች ትርፍ ሥራ አውጥቶ የሕዝብ ያደረገው ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ አሌክስ ሄሊ ነው። ሄሊ ያደገው ሄኒንግ በምትባል የቴነሲ ከተማ ሲሆን፣ አያቱና የአያቱ እህቶች በረንዳ ላይ ተቀምጠው የባርነት ዘመን አባቶቻቸውን ሲያወሩ ሰምቷል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዋሽንግተን ቤተ መዛግብት ገብቶ የአላማንስ አውራጃን፣ ሰሜን ካሮላይና፣ የ1870 ቆጠራ በማይክሮፊልም ጠየቀ። ጥቅል ከጥቅል እያዞረ ሲሰለች ቶም መሪ የሚል ስም አየ፤ ጥቁር፣ አንጥረኛ። ከስሩ ሚስቱ አይሪን፣ ቀጥሎ ልጆቻቸው፤ ከእነሱም አንዷ የስድስት ዓመቷ ኤልሳቤጥ፣ የአያቱ እህት። ወሬው እውነት ነበረ። ከዚያ እስከ ጋምቢያ ሄደ፤ በ1976 ሩትስ የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በጥር 1977 በቴሌቪዥን ለስምንት ምሽት ሲታይ መቶ ሚሊዮን የተሻገረ ሕዝብ ተከታተለው። የየከተማው ቤተ መዛግብትም ስም ፈላጊ ይጎርፍበት ጀመር።

በ1981 ጋሪ ሚልስና ኤልሳቤጥ ሾን ሚልስ የሚባሉ ተመራማሪዎች የሄሊን መጽሐፍ ከቨርጂኒያ መዛግብት ጋር አስተያዩ። ሄሊ ከጋምቢያ በባርነት የመጣ አባቴ ነው የሚለውን ኩንታ ኪንቴን አመጣች ያላት መርከብ አናፖሊስ የደረሰችው በ1767 ነው፤ ሄሊ ኩንታ ነው የሚለው ቶቢ የተባለ ባሪያ ግን በእነዚህ መዛግብት ከአምስት ዓመት በፊት በ1762 ይገኛል። ከዚያም በኋላ ያለው ትውልድ እንዲሁ አልገጠመም። እኔ ከዚህ የምወስደው ሄሊ ዋሸ የሚለውን አይደለም። አንጥረኛው ቶም እውነት ነው፣ የስድስት ዓመቷ ልጅ እውነት ናት። መዝገቡ የሚያስኬደው እስከዚያ ነበር፤ ሄሊ ግን ግንቡ ጋ መቆም አልሆነለትም። ታሪኩን በቃሉ ከነገረው የጋምቢያ ሽማግሌ የሰማውን በወረቀት ካገኘው ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ነው ስህተቱ።

ግንቡን በኋላ የሸረሸሩት ትዕግስተኞች ናቸው። ከባርነት ነጻ ለወጡት ተብሎ በ1865 የተቋቋመ ባንክ በ1874 ሲከስር የደምበኞቹን ገንዘብ ይዞ ጠፋ፤ የሒሳብ መክፈቻ መዝገቡ ግን ተረፈ። ሒሳብ የከፈተው ሰው ማንነቱ እንዲለይ የአባቱን፣ የእናቱን፣ የተሸጡ ወንድሞቹን ስም ሳይቀር አስመዝግቧል። ይህን መዝገብ ከማይክሮፊልም እያነበቡ ወደ ኮምፒዩተር የገለበጡት በዩታ እስር ቤት ያሉ ፈቃደኛ እስረኞች ናቸው፤ 11 ዓመት ፈጅቶባቸው 480,000 ገደማ ስም አወጡ፤ በ2001 ለሕዝብ ተሰራጨ። በ2016 ደግሞ ነጻ የወጡትን ለመርዳት የተቋቋመው የመንግሥት ቢሮ መዛግብት በበጎ ፈቃደኞች ተገልብጠው አለቁ፤ 1.8 ሚሊዮን ስም።

ሚያዝያ 2 ቀን 2012 የ1940 ቆጠራ 72 ዓመቱን ጨርሶ ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጎረፈው ሰው ብዛት ድረ ገጹን አስቆመው። ምስሉ ተለቀቀ እንጂ በስም መፈለጊያ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሰዉ ወደ አሮጌው መጽሐፍ ተመለሰ። የ1940ን የከተማ ማውጫ ከፍቶ የአያቱን አድራሻ ያያል፣ አድራሻው የትኛው የቆጠራ ቀጠና ውስጥ እንደሚወድቅ በካርታ ይለያል፣ ከዚያ የቀጠናውን ገጾች አንድ በአንድ ያነባል። ከመቶ ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች በጥቂት ወራት መፈለጊያውን እስኪያጠናቅቁ ድረስ መንገዱ ይህ ነበር። በዚያ ቆጠራ ላይ አንዲት ጥሩ ነገር አለች፦ ከአንዱ ስም አጠገብ በክብ ውስጥ የኤክስ ምልክት ይታያል፤ ለቆጣሪው መልስ የሰጠው ሰው እሱ ነው ማለት ነው። የአያታችሁ ዕድሜ ተሳስቶ ከሆነ የተሳሳተችው ራሷ ትሁን ጎረቤት ያኔ ታውቃላችሁ። የ1950ው በ2022 ሲከፈት የእጅ ጽሑፉን አስቀድሞ ያነበበው ማሽን ነበር፤ ማሽኑም እንደ ቆጣሪው ስም ያጣምማል።

በአሜሪካ የሚኖረው የእኛ ሰው ተራው ገና ነው። ብዙው የገባው በ1980 ከወጣው የስደተኞች ሕግ ወዲህ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ በብዛት የሚገኝበት የመጀመሪያው ቆጠራ የ1990ው ነው፤ የሚከፈተውም በሚያዝያ 2062። ያን ጊዜ የሚፈልጉት የልጅ ልጆች አንድ ችግር ይጠብቃቸዋል። ባል በአባቱ ስም፣ ሚስት በአባቷ ስም፣ ልጆች በባልየው ስም ይመዘገባሉ፤ በአንድ ጣሪያ ስር ሦስት የቤተሰብ ስም። በቤተሰብ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው እናትን ከልጆቿ ይለያታል። እስከዚያ ያለውን ክፍተት የሚሞላው አሁንም ማውጫው ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲታተም የቆየው የኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ፣ የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያንና የየእድሩ የስልክ ዝርዝር፣ የማኅበር ደብተር ማንም እንደ ታሪክ አይቆጥራቸውም፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይጣላል። እባካችሁ አትጣሉት። የታተመበትን ዓመትና ከተማ ሽፋኑ ላይ ጻፉ፣ ከምታውቁት ሰው ስም አጠገብ የአባቱንና የአያቱን ስም በእርሳስ ጨምሩ፣ አንድ ቅጂ ለአካባቢያችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።